«ኢእኩልነት» ወይስ «አቅጣጫ ለዪነት»?

የፊዚክስ ስያሜዎችን ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው «አኒሶትሮፒ» የተባለው ቃል አስቸጋሪ ነው። የቃሉ ሥር በግሪክኛ «እኩል» እና «አኳኋን» የሚሉትን ከአፍራሽ ምዕላድ ጋር ያጣመረ ስለሆነ፣ ተርጓሚው «ኢእኩልነት» ለማለት ይፈተናል። ይህ አተረጓጐም ሥሩን ጠብቆ ፍሬውን የሳተ ነው። «ኢእኩልነት» የመጠን ወይም የመብት ልዩነትን ያሳስባል እንጂ፣ የአንድ ቁስ ጠባይ እንደ አቅጣጫው መለዋወጡን አይነግርም። «አቅጣጫ ለዪነት» ግን ይህንኑ ይገልጻል።

ይሁንና ስያሜው የውጤት እንጂ የምክንያት ስም አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ባለ አንድ ልኬት የስፒን ሰንሰለቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። («ስፒን»ን በውሰት መያዝ ይሻላል፤ «ሽክርክሪት» ቢባል አንዳች አካል የሚሾር ያስመስላልና።) ኔንፕ በሚባለው የኒኬል ውሕድ ስፒኑ 1 ነው፤ አቅጣጫ የሚያስመርጠውም በአዮኑ ዙሪያ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ከስፒንና ምሕዋር ጥምረት ጋር ተባብሮ ነው። በሲዚየም ኮባልት ክሎራይድ ይኸው ጥምረት የጎረቤታም አዮኖችን ልውውጥ ራሱን በሰንሰለቱ አቅጣጫ አበርትቶታል። በቴትራሜቲል አሞኒየም ማንጋኒዝ ክሎራይድ ደግሞ የማንጋኒዙ የምሕዋር ድርሻ ዜሮ ስለሆነ፣ ዋናው ምክንያት አዮኖቹ እንደ ጥቃቅን ማግኔቶች እርስ በርስ የሚያሳድሩት የዲፖል ኃይል ነው።

ስለዚህ ሦስቱን «የአንድ አዮን»፣ «የልውውጥ» እና «የዲፖል» አቅጣጫ ለዪነት ብሎ መለየት ግድ ነው። «የአዮኖች» ብሎ በጅምላ የሚጽፍ ተርጓሚ ከሰዋስው ስሕተት የከፋ ስሕተት ይፈጽማል። ለምሳሌ የመዳብ አዮን ስፒን ½ ስለሆነ፣ የስፒኑ ክፍል ካሬ በየትኛውም አቅጣጫ ያው ¼ ነው፤ በመሆኑም የመጀመሪያው ዐይነት በዚያ ከቶ ሊኖር አይችልም። ተርጓሚው አንዲት ቃል በማዛባቱ ተፈጥሮ የከለከለችውን ነገር በአማርኛ አስፍቅዶ ይገኛል።

በእርግጥ «ለዪ» የሚለው ቃል ሕይወት የሌለውን ነገር ባለፈቃድ ያስመስላል የሚል ነቀፋ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ቋንቋችን መንገድ «ይወስዳል»፣ መድኃኒት «ያሽራል» ይላልና፣ ነቀፋው ስያሜውን ለመጣል የሚያበቃ አይደለም።