የፍየል ሰፈርና ቂሎቹ፦ የጎተም መንደር ስም ከየት መጣ?

ጎተም በእንግሊዝ አገር፣ በኖቲንግሃምሸር ግዛት፣ ከኖቲንግሃም ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። ስሟን በባትማን ፊልም ያልሰማ ጥቂት ነው፤ መንደሪቱን የሚያውቅ ግን ከዚያም ያነሰ ነው። ንጉሥ ዊልያም ድል አድራጊው በ1086 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባስመዘገበው የመሬትና የግብር መዝገብ ላይ ስሟ «ጋትሃም» ተብሎ ሰፍሯል። ሁለት የጥንት እንግሊዝኛ ቃላት የተጋጠሙበት ስም ነው፤ «ጋት» ፍየል ሲሆን «ሃም» መኖሪያ ወይም ሰፈር ነው። ሲጠቃለል «የፍየል ሰፈር» ይሆናል። ፍየል ለሚረባበት ቦታ ከዚህ የቀለለ ስም አይገኝም፤ የሚያስቅ ነገርም የለበትም። የጎተም ስም ሲነሳ እንግሊዞችን ለዘመናት ያሳቃቸው ከፍየሎቹ ጋር የማይገናኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የመንደሩ ሰዎች ቂልነት ነው።

ይህ ዝና በጽሑፍ ቀድሞ የሚገኘው በ15ኛው ክፍለ ዘመን «ታውንሊ» በሚባለው የመንፈሳዊ ተውኔቶች ስብስብ ውስጥ ነው። ከስብስቡ ሁለት የእረኞች ተውኔቶች በአንደኛው፣ ሁለት እረኞች ገና ባልተገዙ በጎች ይጣላሉ። ሦስተኛው ይደርስና ጆንያውን አራግፎ ባዶነቱን ያሳያቸዋል። በመጨረሻ የመጣው አሽከር ሦስቱንም አይቶ ከጎተም ቂሎች ጋር ያመሳስላቸዋል። ተውኔቱ ስለ ጎተም ምንም ማብራሪያ አይሰጥም፤ ስሙን ጠርቶ ብቻ ያልፋል። ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ማብራሪያ ያላስፈለገው ተመልካቹ ቀልዱን ከቤቱ ይዞት ስለመጣ ነው። ስለዚህ የጎተም ቂልነት ከጽሑፉ በፊት በአፍ ሲወራ ኖሯል ማለት ይቻላል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተረቶቹ ተሰብስበው በትንሽ መጽሐፍ ታተሙ። በአርእስቱ ላይ የጎተም ሰዎች «እብዶች» ተብለዋል፤ «የጎተም ጠቢባን» የሚለው መጠሪያ የሰመረው ከዚያ በኋላ ነው። አዘጋጁ በሁለት ፊደላት ብቻ ስለተጠቀሰ ብዙዎች ሐኪሙ አንድሩ ቡርድ ነው ይላሉ፤ ይህ ግን አጠራጣሪ ነው። የመጀመሪያው ተረት ያው የበጎቹ ጠብ ነው፤ ይሁን እንጂ ከተውኔቱ ይልቅ እዚህ ተደላድሎ ይነበባል። አንዱ በግ ሊገዛ ወደ ኖቲንግሃም ገበያ ሲሄድ፣ ሌላው ከገበያው ሲመለስ ድልድይ ላይ ይገናኛሉ። ሂያጁ በጎቹን በዚህ ድልድይ መልሶ እንደሚነዳ ሲናገር፣ ተመላሹ አታሳልፍም ይለዋል። አንዱ የሌሉትን በጎች ይነዳል፣ ሌላው የሌሉትን ይመልሳል፤ ሁለቱም በዱላቸው መሬቱን ይደበድባሉ። ዱቄት በፈረስ ጭኖ የመጣ ሦስተኛ ሰው ይህን ሲያይ ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዲያወጡለት ይጠይቃቸዋል። ከዚያ ወደ ድልድዩ ጠርዝ ሄዶ አፉን ይፈታና ዱቄቱን አንድ ሳያስቀር ወንዙ ውስጥ ያራግፋል። «ስንት ዱቄት ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። «ምንም» ይሉታል። የእናንተም ጭንቅላት እንደዚህ ጆንያ ነው ማለቱ ነው። ተራኪው ታዲያ ከሦስቱ ማን ይሻላል ብሎ ፍርዱን ለአንባቢ ይተዋል። የተረቱ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌሎቹ የተጣሉት በሌለ በግ ሲሆን፣ መካሪው ግን በእጁ የነበረውን ዱቄት አጥቶ ወደ ቤቱ ገብቷል።

ሌሎቹ ተረቶች በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። የኩሬያቸውን ዓሣ የበላባቸውን እባብ መሳይ ዓሣ በስጥመት እንዲሞት ፈርደው ውኃ ውስጥ ይጥሉታል፤ ድቡልቡል ፎርማጆ ራሱ ገበያውን ያገኘዋል ብለው በቁልቁለት ይለቁታል፤ ጥንቸል ፈጣን ናት ብለው የመሬቱን ኪራይ አንገቷ ላይ አስረው ወደ ጌታው ይልኳታል። ከሁሉም የታወቀው ግን የኩኩ ወፍ ተረት ነው። ኩኩ የምትዘምረው በበልግ ነውና፣ ዓመቱን ሙሉ እንድትዘምርላቸው ብለው ዙሪያዋን አጥር ያጥራሉ። ወፏ በላይ በርራ ስታመልጥ ጥፋቱ አጥሩን ከፍ አለማድረጋቸው መሆኑን ተነጋግረው ይቆጫሉ።

ይህኛው ተረት መሬት ላይ ምልክት አለው። ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ «የኩኩ ቁጥቋጦ» የሚባል ጉብታ ይገኛል፤ ጉብታው ከታሪክ በፊት የነበሩ ሰዎች መቃብር ነው። በኩኩ ስም የሚጠሩ አጥሮችና ጉብታዎች በደቡብ እንግሊዝም በርካታ ናቸው፤ ጆን ኤድዋርድ ፊልድ በ1913 ስለ እነሱ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። እንግዲህ ተረቱ ጎተም ውስጥ ብቻ የበቀለ አይደለም። ምናልባትም ጉብታው ስሙን ከተረቱ ከማግኘቱ ይልቅ፣ የጉብታው ስም ተረቱን ወደ መንደሩ ስቦት ይሆናል።

የመንደሩ ሰዎች ለዚህ ሁሉ መልስ አላቸው። እንደ ትውፊቱ ከሆነ፣ ከ1199 እስከ 1216 የነገሠው ንጉሥ ዮሐንስ በጎተም በኩል ሊያልፍ ያስባል። ንጉሥ የረገጠው መንገድ የሕዝብ መንገድ ሆኖ ይቀራል፤ ወጪውም በነዋሪው ላይ ይወድቃል ተብሎ ስለተፈራ፣ ሰዎቹ ንጉሡን አያሳልፉም። ሊቀጧቸው የተላኩት ሹማምንት ሲደርሱ ግን አንዱ ወፍ ሲያጥር፣ ሌላው ዓሣ ሲያሰጥም ያገኟቸዋል። እብድ አይቀጣም ብለው ተመለሱ፤ ንጉሡም በሌላ መንገድ ሄደ።

ንጉሡ በዚያ አካባቢ መመላለሱ እውነት ነው፤ የሞተውም በዚያው ግዛት፣ ኒዋርክ ላይ ነው። ነገር ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ተረቶች ስለ ንጉሥም ስለ መንገድም አያነሱም፤ ቂሎቹ በውስጣቸው ቂሎች ብቻ ናቸው። በ1597 በጀርመንኛ የታተመው የላሌ ሰዎች መጽሐፍ ደግሞ ተመሳሳይ ምክንያት ይሰጣል፤ ነገሥታት ለምክር እየጠሩ ከቤታቸው ያራቋቸው ጠቢባን፣ አገራቸው እንዲቀመጡ ሲሉ ቂል ይመስላሉ። ስለዚህ የንጉሡ ታሪክ ኋላ የተጨመረ መሆኑን መቀበል ይሻላል። ዋጋው ግን በዚህ አይቀንስም። ለዘመናት የተሳቀበት መንደር ተረቶቹን አልካደም፤ አንድ ምክንያት ብቻ ቀድሞ አስገብቶ ያንኑ ቂልነት ብልሃት አደረገው። በሥነ ቃል እንዲህ በጥቂት ቃል ብዙ የሚለውጥ ሥራ ብዙ አይገኝም።

የስሙ ድምፅ ደግሞ የራሱን መንገድ ሄዷል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ረጅም «ኣ» የነበረው ድምፅ ወደ «ኦ» ተለወጠ፤ «ስታን» የነበረው ድንጋይ «ስቶን» ሲባል፣ «ጋት»ም «ጎት» ሆነ። የመጨረሻው «ሃም» ኃይሉን አጥቶ ተዋጠና የአካባቢው ሰው መንደሩን «ጎት-ኧም» እያለ ይጠራዋል። በጽሑፍ ግን የአንዱ ቃል መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ ጎን ለጎን ስለቆሙ፣ የማያውቅ አንባቢ ሁለቱን ፊደላት አንድ አድርጎ ምላስን በጥርስ መካከል በማድረግ ያነባቸዋል። በዚያው ንባብ የግራንተም ከተማ ስምም ተለውጧል።

ስሙ ባሕር የተሻገረው በአሜሪካዊው ደራሲ በዋሽንግተን ኧርቪንግ ብዕር ነው። ኧርቪንግ ከወንድሙና ከጓደኛው ጋር በሚያሳትመው «ሳልማጉንዲ» በተባለ የስላቅ መጽሔት፣ በኅዳር 1807 ኒውዮርክን ጎተም ብሎ ጠራት። ተረቶቹን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ጠቢብ ነኝ የሚል ቂል የሞላባት ከተማ ማለቱ ነው። ኒውዮርኮች ግን ስሙን ወደዱት፤ ስድቡ ተረስቶ ስሙ የከተማዋ ቁልምጫ ሆነ። በ1940ዎቹ መግቢያ የባትማን ደራሲ ቢል ፊንገር ለጀግናው ከተማ ስም ሲፈልግ፣ በኒውዮርክ የስልክ ማውጫ ውስጥ «ጎተም» የሚል የጌጣጌጥ መደብር አይቶ ስሙን ወሰደው። ፊልሞቹ ለዓለም ያሰሙት ሁለቱን ፊደላት አንድ በሚያደርገው በአሜሪካኖቹ አነጋገር ነው፤ በዚያ አነጋገር «ጎት» የሚለው የፍየል ስም አይለይም።