ፒችና ዙር በደጋ አየር

የፕሮፔለር ሥራ ጥራቱ የሚታወቀው በጥምዙ ነው። ሁለት ሜትር የሚረዝም ፕሮፔለር በአንድ ዙር 1.2 ሜትር ወደፊት እንዲሄድ ከታሰበ (የበረራ ሰዎች ፒች የሚሉት ይህንኑ ርቀት ነው) ከእምብርቱ 25 ሳንቲሜትር ርቆ ያለው ቦታ 37 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት። ግማሽ ሜትር ላይ ወደ 21 ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ 11 ብቻ ይቀራል። ጫፉ በአንድ ዙር ሰፊ ክብ ስለሚያካልል፣ እኩል ወደፊት ለመሄድ ትንሽ ማዘንበል ይበቃዋል። አናጢው ይህን ሁሉ በመላጊያ ያወጣዋል፤ ከዚያም ሁለቱን ክንዶች አንዱ ሌላውን እንዳይጫን ያመዛዝናል። ቫርኒሽ የተቀባ ፕሮፔለር አይቶ «ያምራል» ብሎ የሚያልፍ ሰው ዋናውን አላየም።

የራሱን አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ፈተናው ከሞተሩ ይጀምራል። ኢትዮጵያዊው አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጁ የሠራውን ኬ-570ኤ የተባለ አውሮፕላን በሰኔ 2007 ዓ.ም. ለማስነሳት ሲሞክር አልተሳካለትም፤ ሥራው ግን ሊጠና ይገባዋል። የገጠመለት 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስዋገን ሞተር ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ ሞተር ጉልበቱን የሚያወጣው ቶሎ ቶሎ ሲዞር ነው። በደቂቃ 3,200 ዙር ላይ ሁለት ሜትር ፕሮፔለር በቀጥታ ቢታሰርበት፣ ጫፉ በሰከንድ 335 ሜትር ይበራል፤ ይህም ለድምፅ ፍጥነት ጥቂት የጎደለው ነው። ያኔ ጩኸቱ ይበዛል፣ ግፊቱ ይከዳል። ስለዚህ ወደ 1.4 ሜትር ማሳጠር ግድ ይሆናል፤ ጫፉም ወደ 235 ይወርዳል። አጭር ፕሮፔለር ግን የሚይዘው አየር ጥቂት ነው።

ደጋ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ለምሳሌ ወደ ደጋዋ ከተማ ወደ መካነ ሰላም እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፤ በዓለም የአየር ማረፊያዎች መለያ ውስጥም ኤምኬኤስ የሚል ኮድ አላት። ሞቅ ባለ ቀን አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። 40 የፈረስ ጉልበት እዚያ 27 ገደማ ይሆናል። በባሕር ወለል በሰዓት በ80 ኪሎ ሜትር የሚነሳው አውሮፕላን ደግሞ 94 ገደማ ካልደረሰ አይነሳም።

የዙር መለኪያ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላኑን አስረው ነዳጁን ሙሉ ቢሰጡት፣ ቆላ ላይ ካሳየው ብዙም የማይለይ ዙር ያሳያል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ቢደክምም የፕሮፔለሩም ሸክም አብሮ ስለሚቀልል ነው። ቁጥሩ ደህና፣ ግፊቱ ግን የለም። ፒቹን ማሳነስ ብቻውን ችግሩን አይፈታም፤ አብዝተው ካሳነሱት ሞተሩ አየር ላይ ካቅሙ በላይ ይዞራል። ፒቹ የማይለወጥ ፕሮፔለር አንድ ማርሽ ብቻ እንዳለው መኪና ነው፤ ከዓባይ በረሃ ወደ መካነ ሰላም የሚወጣ ሹፌር ይህን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። የሚያዋጣው አውሮፕላኑን ማቅለልና ዝግ ብሎ የሚዞር ሞተር መርጦ ክንዱን ማስረዘም ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት አውሮፕላን «ፀሐይ» የዚህ መንገድ ምሳሌ ናት። ሞተሯ ባለ ሰባት ሲሊንደር ቫልተር ቬኑስ ነው፣ 115 የፈረስ ጉልበት፤ ከቮልስዋገኑ ይልቅ ዝግ ብሎ የሚዞር። ከ2,300 ሜትር በላይ ካለ መሬት ተነስታ በርራለች። በእኔ ፍርድ ለመካነ ሰላም ደጋም የሚስማማው ይኸው መንገድ ነው።

ፀሐይ ጣሊያን አገር ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። ለሕዝብ የምታሳዩዋት ባለሙያዎች አደራ፦ ከአጠገቧ በሚሰቀለው ጽሑፍ ላይ የፕሮፔለሯን ርዝመት፣ ፒቹንና የሞተሯን ዙር አስፍሩልን።