ስእለትና የመነኩሴ ልብስ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም በቅኔ ቤት ያደጉ ደራሲ ነበሩና፥ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው፤ ወርቁ ግን ልጅ ሙሉ ሰው የሚሆነው በራሱ ፈቃድ ሲመርጥ ነው የሚለው ምሥጢር ነው።

የዚህ ወርቅ የመጀመሪያው ምሳሌ ስእለቱ ነው። ወላጆቹ በዛብህን ገና በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ተሳሉ፤ እርሱ ግን አልተጠየቀም። አድጎ፥ ቅኔ ተምሮ፥ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር በገባ ጊዜ ልቡ በፍቅርና በስእለት መካከል ተከፈለ። ሳሙኤልንም እናቱ ሐና ተስላ ሰጥታዋለች፤ ዳሩ ግን ሳሙኤል በሌሊት በተጠራ ጊዜ የመለሰው በራሱ አንደበት ነው። በዛብህ ያጣው ይህን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የመነኩሴ ልብስ ነው። ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ ልብሱን የለበሰችው ለመሰወሪያ ነበር፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ግን በመቃብሩ አጠገብ በእውነት መነኰሰች። በእርሱ ላይ ሌሎች የጫኑትን ሸክም እርሷ በፈቃዷ ተሸከመችው።

የጉዱ ካሣ ንግግር አንዳንድ ጊዜ እየረዘመ ወርቁን ያለ ሰም ይገልጠዋል፤ ይህ የመጽሐፉ ድካም ነው። ስእለቱና ልብሱ ግን ዝም ብለው ያስተምራሉ። ስለዚህ ልጁን የሚሳል ወላጅም፥ ስእለቱን የሚቀበል ካህንም፥ ልጁ ራሱ የሚመልስበትን ቀን ሊጠብቁ ይገባል።