ለ8080:80 ምስጋና

እ.ኤ.አ. በ2013 ብቅ ባለው፣ ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያስኬደው ዶከር ብዙ የሚወደስ ነገር አለ፤ እኔን የሚያስደስተኝ ግን ትንሿ ነገር ናት፦ 8080:80። ግራው የኮምፒውተሩ ፖርት፣ ቀኙ የኮንቴይነሩ። አለቀ። ከውጭ በ8080 የመጣ ጥያቄ ውስጥ 80 ላይ ለሚጠብቀው የድር ሰርቨር፣ ለኤንጂንኤክስ፣ ይደርሳል። ኤንጂንኤክስ ስለ 8080 የሚያውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

ውበቷ ይበልጥ የሚታየው ሁለት የፖስትግሬስ ዳታቤዞች አንድ ላፕቶፕ ላይ ሲነሱ ነው። ሁለቱም በየኮንቴይነራቸው ውስጥ የሚያዳምጡት 5432 ላይ ነው። አንዱን 5432:5432፣ ሌላውን 5433:5432 ማለት ብቻ ነው፤ የአንዳቸውም የቅንብር ፋይል ሳይነካ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ያለ ኮንቴይነር ቢሆን ማን ፖርቱን ይልቀቅ በሚል ጭቅጭቅ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

አንድ ክፉ አመል ግን አላት። አድራሻ ካልተጻፈላት ፖርቱን የምትከፍተው ለኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን በኔትወርክ ለሚደርስበት ሁሉ ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ዩኤፍደብሊው በተባለው ፋየርዎል ዘጋሁት ያላችሁትን ፖርት ዶከር በራሱ ደንብ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ዳታቤዝ ከሆነ፣ አደራ፣ 127.0.0.1:5432:5432 ብላችሁ ጻፉ።