የአብራሪዎች የበረራ ሰዓት አመዘጋገብ፤ የሮቤን መስመር ምሳሌ በማድረግ የቀረበ ትችት

ሎግ ቡክ የሚባለው የአብራሪ የበረራ መዝገብ እንደ ማናቸውም ጽሑፍ ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል። ጸሐፊው አንድ ሰው ነው፤ አንባቢዎቹ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትና ቀጣሪው ድርጅት ናቸው፤ ስለ ሰውየው ሙያ የሚፈርዱትም በአብዛኛው በዚሁ በተጻፈው ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤ የሚደረገውን በረራ ነው። (የአይሮፕላን ጣቢያው ያለው ሮቤ ሲሆን፥ በአየር መንገዶች አጻጻፍ ግን እስከ ዛሬ ጂ.ኦ.ቢ. እየተባለ በጎባ ስም ይጠራል። የጎባ ሰዎች በዚህ ሳይደሰቱ አይቀሩም።)

በመጀመሪያ «የበረራ ሰዓት» ማለት ምን ማለት ነው? በ1944 እ.ኤ.አ. የተፈረመውን የቺካጎ ስምምነት ተከትሎ ስለ አብራሪዎች ፈቃድ የወጣው አንደኛው አባሪ እንደሚለው፥ አይሮፕላኑ ለመነሣት ብሎ መንቀሳቀስ ከጀመረበት ቅጽበት አንሥቶ በረራው አልቆ ፈጽሞ እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው። ጎማው መሬት የለቀቀበት ሰዓት መነሻ አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንድ አይሮፕላን በአራት ሰዓት ዩ.ቲ.ሲ. ከቆመበት ተንቀሳቅሶ፥ በ4፡12 ተነሥቶ፥ በ5፡02 ሮቤ አርፎ፥ በ5፡07 ቢቆም፥ በአየር ላይ የዋለው 50 ደቂቃ ነው፤ አብራሪው የሚጽፈው ግን 1፡07 ነው። ልዩነቱ 17 ደቂቃ ሲሆን፥ በመቶ ጉዞ 28 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። አንዱን ቀን በዚህ ሌላውን ቀን በዚያ የሚጽፍ ሰው ድምሩ ምንም ትርጉም የለውም።

የኛ አገር ሰው ሌላም ፈተና አለበት። ከላይ ያልነው አራት ሰዓት ዩ.ቲ.ሲ. በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የተነሣ አይሮፕላን ደግሞ በዩ.ቲ.ሲ. ገና በፊተኛው ቀን ሃያ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ይለወጣል፤ ገጹን በአንድ አቆጣጠር ጀምሮ በሌላ መጨረስ አይገባም።

በመሣሪያ ስለሚደረግ በረራ የሚጻፈው ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ትርጓሜው ግልጽ ነው፤ ውጭውን ሳያይ መሣሪያ ብቻ እየተመለከተ ያበረረበት ጊዜ ነው። በክረምት ወደ ባሌ ሲኬድ ደመናው 12 ደቂቃ ቢሸፍነው 12 ደቂቃ ይጻፋል እንጂ፥ የበረራው ፕላን በመሣሪያ ደንብ ስለ ተሰጠ ብቻ ጉዞው በሙሉ አይጻፍም። ለአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ ከሚጠየቀው 1,500 ሰዓት ውስጥ የመሣሪያው 75 ብቻ ስለ ሆነ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ማጋነን ብዙ ያጎድላል። የሌሊቱም እንዲሁ ነው፤ ሌሊት የሚባለው ፀሐይ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ ከወረደች በኋላ ሲሆን፥ በኛ ምድር ይህ ከፀሐይ መግባት በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ዋናው ክርክራችን ግን ስለ ረዳት አብራሪው ነው። ደንቡ እንዲህ ይለያል፤ አይሮፕላኑ በሁለት አብራሪ እንዲበር የተመሰከረለት ከሆነ የረዳቱ ሰዓት ለሚቀጥለው ፈቃድ በሙሉ ይታሰብለታል፤ ባንድ አብራሪ ሊበር የተመሰከረለት ሆኖ መንግሥት ረዳት ይኑር ብሎ ያዘዘ እንደ ሆነ ግን፥ በሙሉ እንዲታሰብ ካልፈቀደ በቀር፥ ከግማሽ አይበልጥም። እንግዲህ በዳሽ ኤይት ወደ ሮቤ የሚሄደው ረዳት ሙሉውን ሲያገኝ፥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አየር መንገዱ ባገር ውስጥ ያሠራው በነበረው በትዊን ኦተር ዓይነት የሚሠራው በዚህ ደንብ ግማሹን ብቻ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። ትዊን ኦተር የተሠራው ላጭርና ለአፈር ሜዳ ነው። ባጭርና በአፈር ሜዳ ላይ የሚያርፍ ወጣት ከሌላው ያነሰ ይማራል ብሎ የሚያስብ ማን ነው? ደንቡ የሚመዝነው የመቀመጫውን አስፈላጊነት እንጂ የተቀመጠውን ሰው ሥራ አይደለም፤ ይህም በኛ አስተያየት ጉድለት ነው።

የአዛዥነት ዓምድም መሪ የጨበጠውን ሳይሆን ኃላፊነት የተሸከመውን ይመለከታል። ረዳቱ አይሮፕላኑን ሮቤ ቢያሳርፍም አዛዥነቱ የካፒቴኑ ነው፤ ረዳቱ በተቆጣጣሪ ሥር የሚደረግ አዛዥነት ብሎ ሊጽፍ የሚችለው በተፈቀደ ሥርዓት ብቻ ነው። ይህን ዓምድ እንደ ተራ ነገር ማየት አይገባም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ካፒቴኖቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ወደ አዛዥነት የደረሱት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ ያለው ዐሥራ አንድ ዓመት በሙሉ በዚያ ዓምድ ባዶነት ይነበባል።

መዝገቡ ጨርሶ የማይናገረውም አለ፤ ይኸውም የቦታው ጠባይ ነው። የሮቤ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከደቡቡ ሰነቴ ሲኖር ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ መሣሪያው የሚያሳየው ፍጥነት በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር እኩል ቢሆንም፥ አይሮፕላኑ በእውነት የሚሮጠው በመቶ 13 ያህል ይበልጣል፤ ሞተሩም ይደክማል። በመዝገቡ ግን የሮቤ አንድ ሰዓትና የበረሃው አንድ ሰዓት አንድ ናቸው። ይህን ሊያቃና የሚችለው ብዙዎች ባዶ የሚተዉት የአስተያየት ዓምድ ነው። የሜዳው ከፍታ፥ ሙቀቱና የጭነቱ ክብደት፤ ሦስት ቁጥር ቢጻፍበት ከአንድ መሥመር አያልፍም።