ጉዱ ካሣ መምህር ነውን?

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚመለከት ከሚሰነዘሩት አስተያየቶች መካከል፣ ካሣ ዳምጤ ወይም ጉዱ ካሣ የደራሲው ቃል አቀባይና የዘመኑ አስተማሪ ነው የሚለው ጎልቶ ይገኛል። እኔም ይህንኑ ለዓመታት በክፍል ውስጥ ስናገር ኖሬአለሁ። አንድ ጊዜ የፈተና ወረቀት ሳርም ይህችው ዓረፍተ ነገር፣ ከነቃላቷ፣ በአብዛኞቹ ተማሪዎች ወረቀት ላይ ሰፍራ አገኘኋት። ዓረፍተ ነገሯ የኔው ነበረች። ስሕተት ናት ብዬ ነጥብ ልቀንስ አልቻልኩም፤ ግን ልቦለዱን ማን እንዳነበበና ማን እንዳላነበበ መለየት አቃተኝ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ የመነጨው ከዚያ ነው።

ደራሲው ራሱ ያለፈበት፣ በዛብህንም ያሳለፈበት የቅኔ ትምህርት ለጥያቄው ጥሩ መመዘኛ ይሰጠናል። በቅኔ ቤት መምህሩ ግሱንና አገባቡን ያስተምራል፤ በጉባኤም ቅኔ ዘርፎ ያሰማል። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪው ብቻውን ነው። ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። የጀማሪው ድርሻ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ናት፤ እየበረታ ሲሄድ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፣ ካልሆነም ይጥልበታል። የመምህሩን ቅኔ መልሶ የሚናገር ተማሪ ቅኔ አወቀ አይባልም። (የአብነት ትምህርትን ሁሉ የቃል ጥናት ብቻ አድርገው የሚወቅሱ ወገኖች ይህን ቤት ሳይረሱት አልቀሩም።)

ጉዱ ካሣን በዚህ ስንመዝነው ጎደሎው ይታያል። በሚገኝበት ጨዋታ ሁሉ የሚበዛው ቃል የእርሱ ነው። ምሳሌ ያመጣል፣ ያብራራል፣ ይደመድማል፤ አድማጩ ቆጥሮ የሚያቀርበው ነገር አይተውለትም። ፊታውራሪ መሸሻ ከዚህ ሁሉ ንግግር አንድም ነገር አልተማሩም። በአንጻሩ የገዛ ቤቱን አገልጋይ ማግባቱ ከየትኛውም ንግግሩ ይልቅ የሚያስተምር ይመስለኛል፤ ተመልካቹን «ለምን?» አሰኝቶ ከራሱ ጋር ያሟግተዋልና።

ሰብለ ወንጌልንም እንመልከት። ፊደል ያስቆጠራት በዛብህ ነው፤ የካሣንም ሐሳብ ሰምታለች። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ግቢ ስትወጣ ግን ረዳትም መካሪም ቢኖራት መንገዱን የምትሄደው በገዛ እግሯ ነው። በልቦለዱ ውስጥ የሰማውን ወደ ራሱ ቅኔ የለወጠ ተማሪ ካለ እርሷ ናት እላለሁ።

ልቦለድ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ደራሲው ሥርዓቱን የሚነቅፍለት አንደበት ያስፈልገው ነበር የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። እቀበለዋለሁ። የካሣ ንግግር ለአንባቢው የታሰበ መሆኑም አያጠራጥርም። ግን ያ አንባቢ ዛሬ የኔ ተማሪ ነው፤ በካሣ ንግግር ላይ የኔን ንግግር ጨምሬ ሁለት ጊዜ አድማጭ አድርጌው ነበር።

አሁን ያቺን ዓረፍተ ነገር በክፍል አልናገራትም። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ትዕይንት መርጦ የራሱን ንባብ ይዞ ይመጣል፤ እኔ መጽሐፉን ገልጬ አዳምጣለሁ፤ ከገጹ ጋር የማይስማማውን አርማለሁ። ብዙው ጥሬ ነው፤ ጊዜም ይፈጃል። ባለፈው አንዲት ተማሪ፣ ካሣ የሚያስተምረው ቀድሞ የተስማማውን ሰው ብቻ ነው፣ ስለዚህም መምህር ሳይሆን ብቸኛ ሰው ነው ብላ ተከራከረችኝ። በዛብህን ጠቅሼ ልረታት ሞከርኩ፤ እርሷም እዚያው ገጽ ላይ ሌላ አንቀጽ አሳየችኝ። ጽሑፏን ሳላርም መልሼላታለሁ።