ጥሩ የአድራሻ አደራደር በምን ይታወቃል?

የፕሮግራም ፍጥነት መመርመሪያ መሣሪያ አዲስ ሲገጥመኝ ቀድሜ የማየው የሜሞሪ አድራሻዎችን እንዴት እንደሚደረድር ነው። ግራፉ ቢያምር ባያምር ኋላ ይደረስበታል።

መጀመሪያ ዳር ዳሩን ፈትሹ። በ64 ቢት ሊነክስ ላይ የተራ ፕሮግራሞች አድራሻ ከታች ነው፤ የከርነሉ ደግሞ ከላይ፣ በተደረደሩ ኤፎች ይጀምራል። መሣሪያው አድራሻን ኔጋቲቭ ሊሆን እንደሚችል ቁጥር ከቆጠረው፣ መጨረሻ መምጣት የነበረበት ከርነል ሰልፉን ይመራል። አንዱን አድራሻ ከሌላው ቀንሶ ልዩነቱን በ32 ቢት የሚይዝማ የባሰ ነው፤ ልክ 4 ጊጋባይት የተራራቁ ሁለት አድራሻዎችን እኩል ናቸው ይላል። እንደ ጽሑፍ የሚደረድርም አለ፤ እሱ ዘንድ 1000 ከ900 ይቀድማል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሳላመነታ እተወዋለሁ።

ቀጥሎ የሚታየው፣ ቅደም ተከተሉ ለተጠየቀው ጥያቄ መስማማቱ ነው። የትኛው ፋንክሽን ጊዜ እንደሚበላ ለማወቅ በመቶኛ መደርደር ተገቢ ነው። ፋንክሽኑ ውስጥ ከተገባ በኋላ ግን የአድራሻው ተራ መነካት የለበትም። መሣሪያው የሚወስደው ናሙና ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ጊዜውን በበላው ትእዛዝ ላይ ሳይሆን ከሱ ቀጥሎ ባለው ላይ ነውና፣ ትእዛዞቹ በመቶኛ ከተደረደሩ እውነተኛው ጥፋተኛ ከጎረቤቱ ተለይቶ ይጠፋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ከሊነክስ ጋር መውጣት የጀመረው ፐርፍ ይህን በሚገባ ይጠብቃል፤ ትእዛዞቹን እንደ አድራሻቸው ዘርግቶ መቶኛውን በጎን ይጽፋል።

የመሣሪያ ሠሪው ብስለት ይበልጥ የሚለየው ግን የዳታ አድራሻ ላይ ነው። ሁለት ቆጣሪዎች በ8 ባይት ርቀት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንዱን አንድ ትሬድ፣ ሌላውን ሌላ ትሬድ፣ በተለያየ ኮር ላይ ሆነው ያለማቋረጥ ይጽፉባቸዋል። በፕሮግራሙ ውስጥ የሚጋሩት ነገር የለም። ፕሮሰሰሩ ግን በተለመዱት ማሽኖች ላይ ሜሞሪን በካሽ የሚይዘው 64፣ 64 ባይት እያደረገ ስለሆነ፣ ሁለቱን ቆጣሪዎች የያዘው አንድ የካሽ መስመር በሁለቱ ኮሮች መካከል ሲመላለስ ይውላል። እያንዳንዱን አድራሻ ለብቻው የሚደረድር መሣሪያ ሁለቱን ቆጣሪዎች በሁለት ረድፍ ያሳያል፤ ሁለቱም ምንም አያስጠረጥሩም። በ2017 እ.ኤ.አ. በሊነክስ 4.10 ለፐርፍ የተጨመረው ሲቱሲ ግን አድራሻዎቹን በካሽ መስመር ሰብስቦ፣ ንባቡ በሌላ ኮር ካሽ ውስጥ የተቀየረ ዳታ በተደጋጋሚ ያገኘበትን መስመር ከላይ ያወጣል። ከዚያም እያንዳንዱ ንክኪ ከመስመሩ መነሻ በስንተኛው ባይት ላይ እንዳረፈ ይዘረዝራል። እዚያ ላይ 0 እና 8 ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ቆጣሪዎቹን ማራራቅ እንደሚያስፈልግ ወዲያው ይገባል። መደርደር ከመጀመሩ በፊት መቧደን እንዳለበት ያወቀ ሰው ሥራ ነው፤ በጣም አደንቀዋለሁ።

ሁለት ምርመራዎችን ስታወዳድሩ ደግሞ ጥሬ አድራሻ ላይ አትመኩ። ሊነክስ ለደኅንነት ሲል ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ቦታውን ይቀያይራል። ስለዚህ መሣሪያው ማመሳከር ያለበት ከፋይሉ መነሻ ያለውን ርቀት ነው። ያንኑ የተቀዳ ዳታ ደግማችሁ ስትከፍቱ እኩል መቶኛ ያላቸው ረድፎች ቦታ ከተለዋወጡም፣ እኩዮችን የሚለይበት ሁለተኛ መመዘኛ አልተበጀለትም ማለት ነው።